ቋጠሮው ውስጥ ያለው ቀሚስ

ለጋሼ አየልኝ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ አልጠይቅህም፤ አንተ ባለህበት መሰንበት የሚባል ነገር መኖሩን አላውቅም። እዚህ ግን ጊዜው ሄዷል። በዚህ መስቀል ከተለየኸኝ ዓመት ሞላ። ደመራው በተለኮሰ ማግስት ነው ወባው የወሰደህ አሉኝ። እኔ ጎንደር የመምህራን ማሠልጠኛ ነበርኩ። መርዶው ደርሶኝ፣ የጭነት መኪና ለምኜ ኮኪት ስገባ፣ የመቃብርህ አፈር ደርቆ ነበር።

በአገራችን ታላቅ ሰው አንቱ ነው የሚባለው። እኔም መጀመሪያ አንቱ ብዬህ ነበር። «አንቱ የሚባል ሰው ትራክተር ሥር በጀርባው አይተኛም፤ አንተ በይኝ» ብለህ ሳቅህ። ስለዚህ ዛሬም አንተ እያልኩ እጽፍልሃለሁ፤ የሚያነብ ሰው እንዳይታዘበኝ።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ጣሪያው በምሥራቅ በኩል ማፍሰስ ጀምሯል። ከደጁ ያለችው የሣር ዳስ፣ ራኩባዋ፣ ምስጥ በልቷት አንድ እግሯ ተቀምጧል፤ ጥላዋ ግን አሁንም ደህና ነው። ትራክተርህን አንድ ወጣት ይነዳዋል፤ ማርሹን ሲያስገባ ያስጮኸዋል። ብትሰማው ከመቃብር ትነሣ ነበር እያለች ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ትስቃለች። ሰሊጡ ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። አጫጆቹ ከወሎም ከጎጃምም በመኪና እየተጫኑ መጥተዋል። ከመኪና ሴት ስትወርድ አሁንም ፊቷን አያለሁ። ልማድ ነው እንጂ ተስፋ አይደለም።

እናቴም እንደዚያ ነው የወረደችው። እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። የመንግሥት እርሻው ላይ አንድ ወር አረመች፤ ከዚያ ወሰን ተሻግረው ጥጥ ሊለቅሙ ከሚሄዱ ሴቶች ጋር ሱዳን ገባች። ልጅ ይዞ መሻገር ከባድ ነው ብለዋት ለአንተ ሰጠችኝ። ለምን ለአንተ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምናልባት ምሳህን ስትበላ ለእኔ መቁረስህን አይታ ይሆናል። «ኅዳር ሲወጣ እመጣለሁ» አለች። ልብሴን በነጠላዋ ቋጥራ ሰጠችኝና ሄደች። ኅዳር ወጣ። ሌላም ኅዳር ወጣ።

በሁለተኛው ዓመት ማር ከቋራ አስመጣህ። ሦስት ሽማግሌዎች ራኩባዋ ሥር ተቀመጡ፤ እትዬ ዘነቡ ፀጉሬን ሹሩባ ሠርታኝ፣ ፊቴን ቅባት ቀብታኝ መሐል አቆመችኝ። የጡት ልጅህ ልታደርገኝ ነበር። አውራ ጣትህን ማሩ ውስጥ ነክረህ፣ ጎንበስ ብለህ ወደ አፌ አቀረብክ። ጣትህን የጠባ ልጅ ያንተ ልጅ ነው፤ ምድርና ሰማይ ምስክር ናቸው፤ ከዚያ በኋላ መመለስ የለም።

አፌን ዘጋሁ።

ጥርሴን ነክሼ፣ ከንፈሬን አጥብቄ ዘጋሁ። ማሩ ጣትህ ላይ ወርዶ አፈሩ ላይ ተንጠባጠበ። እናት አለችኝ፤ ከጠባሁ እሷን ክጃት መንገዷን የምዘጋባት መስሎኝ ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አባ ተገኘ «ልጅቱን ያዟት እንጂ!» አሉ። አንተ ግን ጣትህን መልሰህ ራስህ ጠባህና «ማሩስ ለምን ይባክናል፤ እንብላው» አልክ። ሽማግሌዎቹ እየሳቁ እንጀራውን በማር በሉ። አንተም ሳቅህ። ጆሮህ ግን ቀልቶ ነበር፤ አይቼዋለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲያ አንድም ጊዜ ስለ ማር አላነሣህም።

ቋጠሮዬን አልጋዬ ሥር አስቀምጬ ነበር፤ እናቴ ትመጣለች፣ ከተቀጠሩት የሚቀር የለም ብዬ። በዓመቱ እንቁጣጣሽ ሲደርስ ከትራክተሩ የኋላ ጎማ አጠገብ አቆምከኝ። ቁመቴ ከጎማው ስንተኛ ጥርስ እንደደረሰ አየህና በግራሶ ምልክት አደረግህ። ቅዳሜ ገበያ ወርደህ ለጨርቅ ነጋዴው በእጅህ እያሳየህ «ሦስተኛው ጥርስ ድረስ» ስትለው፣ ሰውዬው ለትራክተር ቀሚስ የምትገዛ መስሎት ግራ ተጋባ። አዲሱን ቀሚስ ይዘህ መጣህ፤ ግን ልበሺው አላልከኝም። ቋጠሮዬን ፈተህ፣ የጠበበኝን አውጥተህ፣ አዲሱን አስገብተህ መልሰህ ቋጠርከው። የምለብሰውን ሌላ ገዝተህልኝ ነበር፤ ይሄኛው የቋጠሮው ነው። በየዓመቱ እንዲሁ።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ነው የፈነዳሁት። ሰው ቤት ያደገ ልጅ ነገር ይቆጥራል፤ ማን ምን እንዳለ፣ ማን ፊቱን እንዳዞረ። እኔም ቆጥሬ ቆጥሬ፣ ልትሸኘኝ እየተዘጋጀህ ነው ብዬ ደመደምኩ። ቋጠሮውን አንስቼ እግርህ ሥር ወረወርኩና «እንግዲያ ዛሬውኑ ላከኝ!» አልኩህ። አንተ የትራክተሩን ብሎን እየፈታህ ነበር፤ እጅህን በጨርቅ ጠረግህ፣ ቀሚሱን ከአቧራው ላይ አነሣህና «እናትሽ ስትመጣ በጠበበ ልብስ ፊቷ እንዳትቆሚ ብዬ ነው። አየልኝ ልጄን እንዲህ አድርጎ አቆያት ትበለኝ?» አልክ። ከዚያ ወደ ሥራህ ተመለስክ።

ያን ቀን ማታ ልቤ ተከፈተ። ግን አፌ ዝግ ነበረ። ከዚያ ጀምሮ ማር ወደ ቤት በገባ ቁጥር ዛሬ ይጠይቀኛል እል ነበር። ጣትህን እያየሁ እጠብቅ ነበር። አንተ ደግሞ አንዴ እንቢ ያለችን ልጅ ደግሜ አላስጨንቅም ብለህ ይሆናል። እኔ እስክትጠይቀኝ፣ አንተ እስክነግርህ፣ በአንድ ቤት ስንት ዓመት ተጠባበቅን ጋሼ? አንድ ቃል ነበር የቀረው። «ጋሼ፣ ማሩን አምጣው» ማለት ብቻ።

ባለፈው በጋ የማስተማር ልምምድ ስወጣ፣ ወላጅ አልባ ልጆች ከሚያድጉበት ቤት የሚመጡ ተማሪዎች ደረሱኝ። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ምግብም አላቸው። ግን በየዓመቱ ከአንዱ ማሳደጊያ ወደ ሌላው ያዛውሯቸዋል። ብርቄ የምትባል አንዲት ልጅ ደብተሮቿን ከቦርሳዋ አውጥታ ዴስኩ ሥር አታስገባም፤ አንዱን ታወጣለች፣ ጽፋ ትመልሳለች፣ ቦርሳውን ትዘጋለች። ለምን አልኳት። «መምህርት፣ ልዛወር ሲጠሩኝ ዕቃዬን ስፈልግ እንዳልቆይ ነው» አለች። ማሠልጠኛው ስለ ልጆች አስተዳደግ ብዙ አስተምሮኛል፤ ስለዚህች ቦርሳ ግን አንድ ገጽ አልነበረውም። ለልጅ ትቆያለሽ ብሎ መማል ቀላል ነው። አንተ ያደረግኸው ግን ሌላ ነው፤ ብሄድም የሚሆነኝን፣ ብቆይም የሚሆነኝን አዘጋጅተህ ጠበቅኸኝ። ይህን ለብርቄ እንዴት እንደማስረዳት ሳላውቅ ልምምዱ አለቀ።

አሁን ተመርቄያለሁ። የተመደብኩት ገለጉ ነው። መንገዱ ሲደርቅ በመጀመሪያው መኪና እሄዳለሁ። የቅጥር ፎርሙ ላይ «ቋሚ አድራሻ» የሚል መስመር አለ። ሌላውን ሁሉ በብዕር ሞልቼ፣ እዚያ ላይ «ኮኪት፣ አየልኝ ቤት» ብዬ በእርሳስ ጻፍኩ።

በእርሳስ የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ወንድምህ ገብሬ ሚስቱንና አራት ልጆቹን ይዞ ከሳንጃ ወዲያ ካለው አገሩ መጥቷል። እዚያ ሰላም የለም፤ ቤታቸው ተቃጥሏል። ሟች ወንድሜ ነው፣ ቤቱ ለእኔ ይገባል ብሎ ለቀበሌው አመለከተ። ልጠላው ፈልጌ ነበር። የልጆቹን እግር ሳይ አቃተኝ፤ በእግራቸው ነው የመጡት።

ቀበሌው በጠራው ስብሰባ ዋዜማ እትዬ ዘነቡ መጣች። «አንቺ ጠባሁ በይ፤ እኔ አይቻለሁ ብዬ እምላለሁ። እግዜር እንደሆነ የአየልኝን ልብ ያውቃል፤ በዚህ አይጣላኝም» አለችኝ። ከሦስቱ ሽማግሌዎች ሁለቱ ሞተዋል። አባ ተገኘ ዓይናቸው ደክሟል፤ ረስተውት ይሆናል ብላ ተማምናለች። እኔም፣ አልዋሽህም፣ እሺ ብያት ነበር።

በስብሰባው ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ዘርግቶ «ሟች ልጅ አላቸው ወይስ የላቸውም?» አለ። «ወረቀት ማር አያውቅም፤ ሽማግሌ ጠብታለች ካለ ግን ልጅ ብዬ እጽፋለሁ» አለ። ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። እትዬ ዘነቡ መሐላዋን አፏ ላይ አዘጋጅታ ቆማለች። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ያኔ ጆሮህ እንዴት እንደቀላ ትዝ አለኝ። ጠባሁ ብል፣ ሳልጠባ ያሳደግከኝን ዓመታት ሁሉ የምሰርቅህ መሰለኝ። መሐላ አስሮህ ያሳደግከኝ ይመስላል። አንተ ግን ምንም ሳያስርህ ነው።

«አልጠባሁም። አፌን ዘግቼ ነበር» አልኩ።

አባ ተገኘ በትራቸውን መሬት መታ መታ አደረጉና «ልጅቱ እውነቷን ነው። ማሩን የበላነው እኛ ነን። እንግዲህ የአየልኝ ልጆች እኛው ሆነን ቀረን» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሊቀመንበሩም ሳቀ። ከዚያ «ልጅ የላቸውም» ብሎ ጻፈና ማኅተም አደረገበት።

ቁልፉን ለገብሬ በእጁ ሰጠሁት። አንገቱን ደፍቶ «እዚሁ ኑሪ እንጂ፤ አንዱ ልጅ መሬት ይተኛል» አለኝ። እሄዳለሁ፣ ሥራ አለኝ አልኩት። ደክሞኝ ነበር ጋሼ፤ ገና ሥራ ሳልጀምር ብዙ ዓመት የሠራሁ ያህል ደክሞኝ ነበር።

በማግስቱ ሚስቱ ቤቱን ስታጸዳ፣ ካንተ አልጋ ሥር ያገኘችውን ይዛ መጣች። ቋጠሮዬ ነው። ጎንደር ስሄድ ጥዬው ሄጄ ነበር፤ ሃያ ዓመት የሞላት ሴት ቋጠሮ ምን ያደርግላታል ብዬ። ስፈታው ሰማያዊ ቀሚስ አለ፤ አዲስ፣ እጥፋቱ ያልተዘረጋ። እትዬ ዘነቡ አይታ አለቀሰች። ነሐሴ ላይ ነው የገዛኸው አለችኝ፤ ወባው ሳይጥልህ በፊት። ልኬን የምታይበት እኔ ስላልነበርኩ፣ ጎማው አጠገብ ብቻህን ቆመህ፣ እጅህን ከላይኛው ጥርስ በላይ አንሥተህ፣ «አሁንማ ከዚህ ሳታልፍ አትቀርም» አልክ አሉ።

ለበስኩት። በአንድ ስንዝር ረዘመ፤ መሬት ይጎትታል። እትዬ ዘነቡ መርፌና ክር አምጥታ ልታሳጥርልኝ ተንበረከከች። ተይው አልኳት።

ያን ፎርም አውጥቼ በእርሳስ የጻፍኩትን በብዕር ደገምኩበት። ቤቱ የገብሬ ነው፤ ይሁን። ጎማው ላይ ያለው የግራሶ ምልክት ግን የኔ ነው።

ገለጉ ስደርስ ቋጠሮውን እፈታዋለሁ፤ ነጠላውን አልጋዬ ላይ አነጥፈዋለሁ። ሰው ቤት የሚያድግ ተማሪ ሲደርሰኝ፣ ቦርሳህን ክፈት ብዬ አላስገድደውም፤ በየዓመቱ ግድግዳው ላይ ቁመቱን አሰምርለታለሁ። ማር በቀመስኩ ቁጥር መጀመሪያ አውራ ጣቴን እጠባለሁ፤ አንተ ታውቀዋለህ። ቀሚሱን ደግሞ አላሳጥረውም። ገና ታድጋለች ብለህ የለካኸውን ማን ይቆርጠዋል።