ከነርሶቹ ጋዋን ላይ ስለተነሣው ጥልፍ

ለተከበሩ የአረጋውያን መጦሪያው ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ወለል የሚያብረቀርቅ፣ እንቅልፍዎም ማንም የማይቀሰቅሰው ይሁን እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ስምንት ጊዜ በአካል መጥቼ ስምንቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ዘጠነኛውን በጋዜጣ ለመምጣት ተገድጃለሁ።

እኔ በሁለተኛው ፎቅ ከመስኮቱ አጠገብ የተኛችው አሮጊት ታናሽ እህት ነኝ። የታላቅ እህቴ ዓይን ከጠፋ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ ጆሮዋም ከዓይኗ ብዙ አልዘገየም። እኔ በጣቴ መዳፏ ላይ ፊደል እየጻፍኩ፣ እሷ በአፏ እየመለሰች እንነጋገራለን። ነርሶቹ ሠላሳ አልጋ ስላለባቸው ለዚህ ጊዜ የላቸውም፤ አልፈርድባቸውም። ደግነቱ በቀድሞው ጋዋናቸው ደረት ላይ ስማቸው በወፍራም ነጭ ክር ተጠልፎ ነበር። ሊያነሷት ጎንበስ ሲሉ ጣቷን በጥልፉ ላይ ታሳልፍና ማን እንደመጣ ታውቃለች። በስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ቅርጽ ቅጽል አውጥታላቸው አንዷን «ባለ ሦስት እግሯ»፣ ሌላውን «ባለ ቀለበቱ» ትላቸው ነበር፤ እነሱም እየሳቁ አቤት ይሏት ነበር።

ተቋምዎ ሃያኛ ዓመቱን ሲያከብር ግን ለኮፍያው፣ ለስኒው፣ ለእስክሪብቶው፣ ለነርሶቹም ጋዋን አንድ ዓይነት አዲስ አርማ ታዘዘ። ምስጋናዬም እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ/ ለነርሶቹ ስም ጥልፉን አስቀርተው በጋለ ብረት ተጭኖ የሚለጠፍ ህትመት ስለመረጡ አመሰግናለሁ። ሥራው ፈጣን፣ ቀለሙም ደማቅ ነው ተብያለሁ፤ አይቼዋለሁ፣ እውነት ነው። በጣት ሲዳሰስ ግን እንደ መስታወት ልሙጥ ነው፤ እህቴ ደግሞ ቀለም መዳሰስ አልተማረችም።

፪ኛ/ በጋዋኑ ጀርባ በትልልቁ «በሚገባ እናውቅዎታለን» የሚል መፈክር ስላሳተሙ አመሰግናለሁ። የሚያውቃት ማን እንደሆነ እሷም ብታውቅ ደስታዋ ሙሉ ይሆን ነበር።

፫ኛ/ የነርስ ጋዋን በፈላ ውሃ እንደሚታጠብ ለአታሚው የነገረው ሰው አልነበረም። የልብስ ማጠቢያዋ ሴት አውጥታ እንዳሳየችኝ፣ በሦስተኛው እጥበት ስሞቹ እየተላጡ አንሶላው ላይ ይጣበቃሉ። ስለዚህ አሁን ዓይን ያለን ጠያቂዎችም የነርሶቹን ስም የምናነበው ከትራስ ልብስ ላይ ነው። በእኛና በእህቴ መካከል እኩልነት ስላሰፈኑ አመሰግናለሁ።

፬ኛ/ መርፌና ክር ይዤ መጥቼ አሥራ አራቱንም ጋዋን ያለ ክፍያ ልጥለፍ ብዬ ነበር። ጥልፍ ያስተማሩኝ መምህርት ከፊቱ በፊት የጨርቁን ጀርባ ገልብጠው የሚያዩ፣ ለአንዲት ቋጠሮ ሙሉውን የሚያስፈቱ ነበሩና ሥራዬ አያሳፍርዎትም። የንብረት ክፍል ኃላፊው በትሕትና፣ «እናቴ፣ የተቋም ንብረት በመርፌ መውጋት በመመሪያ ክልክል ነው» አሉኝ። በዚያው ሕንፃ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ሰው በመርፌ ሲወጋ መመሪያው ዝም ማለቱ ገርሞኝ ተመለስኩ።

፭ኛ/ እህቴ ጥልፉን ፍለጋ እጇን ብትዘረጋ «ሠራተኞችን ትጎነትላለች» ተብሎ ፋይሏ ላይ ተጽፏል። ጽሑፉ ንጹሕ፣ ነጠላ ሰረዙም በቦታው ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር ማስቀመጥ አቃተኝ። እህቴ አሁን እጇን አትዘረጋም፤ ብርድ ልብሱ ሥር ከትታዋለች። ማንኪያ ሲቀርብላት የማን እጅ እንደሆነ ስለማታውቅ አፏን ትዘጋለች። ምሳዋን እኔ መጥቼ አጎርሳታለሁ፤ እራት ላይ ግን የጠያቂ ሰዓት ያበቃል፣ ደረጃውንም ጉልበቴ በየቀኑ አይፈቅድልኝም። ቀሚሷ እየሰፋት ነው። ባለፈው ሳምንት፣ «ባለ ሦስት እግሯን ምን በደልኳት? ለምን ተወችኝ?» አለችኝ። ነርሷ በዚያች ሰዓት ከአጠገቧ ቆማ አንሶላ ትቀይርላት ነበር። አልተወችሽም፣ በየቀኑ ትመጣለች ብዬ መዳፏ ላይ ጻፍኩ። ልታጽናኚኝ ነው ብላ እጇን ሰበሰበች።

የምለምነው አንድ ፊደል ነው፤ ለእያንዳንዱ ጋዋን አንድ የተጠለፈ ፊደል። እንደማይሆንም አውቃለሁ፤ ጋዋኖቹ ለሦስት ዓመት እንዲያገለግሉ ታዝዘዋልና። እህቴ ሦስት ዓመት የምትቆይ አይመስለኝም።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ወገቤ እስከሚፈቅድልኝ ድረስ፣ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ላልተቀበሉኝ ስምንት ጊዜያት ሁሉ ባለውለታዎ ሆኜ እቀራለሁ።

አክባሪዎ፣
የሁለተኛው ፎቅ ጠያቂ

ማስታወሻ፦ ለቀድሞው ማመልከቻዬ የላኩልኝ «አስተያየትዎ ደርሶናል» የሚለው ደብዳቤዎ ደርሶኛል። እህቴ ተቀብላኝ ዳሰሰችውና ወረቀቱን ያሳበጠውን ደረቅ ማኅተምዎን አገኘች። ፊደሉን አንድ በአንድ በጣቷ ተከትላ ስትጨርስ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ፊቷ በራ። «ይኼኛው ስሙ ከፍ ብሎ ተጽፏል፤ እሱ ይምጣና ያጉርሰኝ» አለች። የእራት ሾርባ የሚቀርበው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው።