በ«እጅ ለእጅ» መናፈሻ ስላልነካናቸው እንስሳት

ለክቡር አቶ ኢታና
የ«እጅ ለእጅ» የዱር እንስሳት መናፈሻ ሥራ አስኪያጅ
ጉለሌ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና በጥበቃዎ ሥር ለሚገኙት፣ የጎብኚ እጅ አርፎባቸው ለማያውቁት እንስሳት ሁሉ ፍጹም ጤና እመኛለሁ። ጊዜዎን ላለማባከን ፍሬ ነገሩን በቀን ቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ።

ኅዳር 2018 ዓ.ም.፦ የሰባት ዓመት ልጄን ራኬብን ከዊንጌት ጀርባ ባለው ቅያስ ላይ የጎረቤት ውሻ እግሯን ነከሳት። ክትባቱን ጨርሳለች፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቃትም። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት የምንደርሰው ቅያሱን ትተን፣ ከሸጎሌ በግ ጭነው ከሚወርዱ አይሱዙዎች ጋር እየተጋፋን፣ በአስፋልቱ ዞረን ነው። በዚያው ቅያስ የምትኖረውን ጓደኛዋን ሊሚንም ሄዳ አይታት አታውቅም።

የካቲት 14፦ ባለቤቴ ሊድያ ሽሮ ሜዳ ታክሲ መያዣው ዘንድ የመናፈሻዎን ማስታወቂያ አነበበች። «ይንኩ፣ ያጉርሱ፣ ይወዳጁ» ይላል።

የካቲት 27፣ ዓርብ፦ ራኬብ አንድ እንስሳ በገዛ እጇ ካጎረሰች ሰኞ በቅያሱ እንደምትሄድ ቃል ገባች።

የካቲት 28፣ ቅዳሜ፦ ራኬብ፣ ሊድያ፣ አማቴ እማማ ሙሉና እኔ ወደ መናፈሻዎ መጣን።

በዚያ ዕለት ካስተዋልኋቸው ነገሮች ጥቂቶቹን ከዚህ በታች ዘርዝሬያለሁ። እንደ ቅሬታ ሳይሆን ከወዳጅ እንደተላከ አስተያየት ቢቀበሉልኝ ደስታዬ ወሰን የለውም።

1. ስለ ዔሊዋ። ዔሊዋ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ትገኛለች፤ ሣጥኑ ላይም «መስታወቱን አይንኩ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። አስጎብኚያችን ወይዘሮ ቦሰና፣ ትሕትናቸው ለአገር የሚተርፍ ሴት ናቸውና፣ ዔሊዋ ከጥምቀት ጀምሮ እንደተኛችና መቀስቀስ ነውር እንደሆነ አስረዱን። በሕይወት መኖሯን አልጠራጠርም፤ ይህን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ግን ባለማየቴ አስተያየት ከመስጠት እቆጠባለሁ።

2. ስለ ጥንቸሏ። ለራኬብ በዋናነት ያሰብነው ጥንቸሏን ነበር። በዚያው ሳምንት ወልዳ ኖሮ፣ አራስ ናትና እንግዳ አይገባባትም ተባልን። ቤቷ በጨርቅ ተጋርዶ ስለነበር አማቴ በመጋረጃው ፊት ቆመው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ተመለሱ። የአራስ ክብር በዚህ ከተማ እየተዘነጋ ባለበት ዘመን መናፈሻዎ ይህን ወግ በመጠበቁ ሊመሰገን ይገባል፤ ገንፎ ይዘን ባለመምጣታችን ይቅርታ እንጠይቃለን።

3. ስለ ጅቡ። ዔሊዋና ጥንቸሏ ካመለጧት በኋላ ራኬብ የእናቷን ነጠላ ጨብጣ፣ «እሺ፣ ጅቡን አጎርሳለሁ» አለች። ክቡርነትዎ፣ ውሻ የሚያስለቅሳት ልጅ ጅብ አጎርሳለሁ ስትል ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ እርስዎም የልጅ አባት ከሆኑ አይጠፋዎትም። በማስታወቂያዎ ላይ እንደተገለጸው በሽቦው አሻግሮ በረጅም እንጨት ሥጋ ማቅረብ ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ወይዘሮ ቦሰና ግን ራሷን ዳበስ አድርገው፣ «የኔ ልጅ፣ ሁዳዴ ገብቶ የምንገዛበት ሥጋ ቤት ተዘግቷል፤ እሱም ከእኛ ጋር እየጾመ ነው» አሏት።

ሁዳዴ ማንንም ሳያስጠነቅቅ የሚመጣ ዱብ ዕዳ አለመሆኑን፣ የሚገባበትም ቀን በግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ላይ ሳይቀር ታትሞ እንደሚሸጥ በትሕትና አስታውሳለሁ። ሥጋ ቤቱ ቢዘጋ ሌላ መላ ይኖር እንደሆን ብጠይቅ፣ ድንች ተቀቅሎ ቀርቦለት አሽትቶ እንደተወው ተነገረኝ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ በእርስዎ ግቢ ያለው ምስኪን ግን ቁርበቱም ቀርቶበት ድንች ቀርቦለታል። ታማሚና ደካማ በንስሐ አባቱ ፈቃድ ጾሙ እንደሚቀልለት ይታወቃልና፣ የዚህ ጅብ ንስሐ አባት ማን እንደሆኑ ቢገለጽልኝ በግሌ ሄጄ ላማልድለት ዝግጁ ነኝ።

4. ስለ ውኃው። «ከነኩ በኋላ እጅዎን ይታጠቡ» ከሚለው ጽሑፍ ሥር ያለው ቧንቧ ውኃ አልነበረውም። ምንም ያልነካ እጅ መታጠብ ስለማያስፈልገው ይህን እንደ አርቆ አሳቢነት ወስጄዋለሁ።

5. ስለ ጦጣዋ። ምሳችንን በሣሩ ላይ ዘረጋን። ራኬብ ጀርባዋን ሰጥታን፣ ሰኞ በየት በኩል እንደምንሄድ እናቷን በቀስታ ስትጠይቅ ሰማኋት። ሊድያ መልስ ከመስጠቷ በፊት አንዲት ጦጣ አጥሩን ዘላ መጣች፤ የእማማ ሙሉን ዳቦ ከጭናቸው ላይ አነሣች፤ በእኔ ትከሻ ላይ ተረማምዳም መነጽሬን ካየችው በኋላ ስላልፈለገችው ተወችው። «ይንኩ» የሚለው ቃል የሚመለከተው ጎብኚውን ሳይሆን እንስሳቱን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ቀጥላ ከራኬብ ፊት ተቀመጠችና መዳፏን ዘረጋች። ሁላችንም ባለንበት ደረቅን። ራኬብ አልጮኸችም። ከራሷ ዳቦ ቆርሳ፣ አያቷ እሷን ሲያጎርሱ እንደሚሉት፣ «በሞቴ» አለቻት። ጦጣዋም በጣቶቿ የራኬብን መዳፍ ነክታ ተቀበለች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ራኬብ ሁለተኛም ደገመቻት። አማቴ እልል ሊሉ ሲሉ ሊድያ አፋቸውን በእጇ ያዘች።

በዚህ መሐል ወይዘሮ ቦሰና ዱላ ይዘው እየሮጡ ደረሱና፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እሷ የእኛ አይደለችም፤ ከጫካ ነው የምትመጣው፤ መንካት ክልክል ነው» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ መናፈሻዎ የገባልንን ቃል በሙሉ የፈጸመችልን የመናፈሻዎ ያልሆነችው ብቻ መሆኗን ስገልጽልዎ ከልብ በመነጨ ምስጋና ነው። አጥርዎን ዝቅ አድርገው ባያሠሩት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነም ነበር። ጅቡን ለፋሲካ እንኳን አደረሰህ ለማለት እንመጣለን።

ፈጣሪ የጥንቸሏን ልጆች በጤና እንዲያሳድግልዎ፣ ዔሊዋንም እንዲያነቃልዎ እየተመኘሁ፣ ንጹሕና ያልተነኩ እንስሳትዎን በሩቁ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ
ፊሊሞን ስለሺ
መጋቢት 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጦጣዋን በቋሚነት እንዲቀጥሯት አጥብቄ እመክራለሁ፤ ከሠራተኞችዎ መካከል ማስታወቂያውን ያነበበች የምትመስለው እሷ ብቻ ናት። ሰኞ ጠዋት ውሻው እንደ ወትሮው ቅያሱ መሐል ተጋድሞ ነበር። ራኬብ እጄን አጥብቃ ይዛ ቆመች፤ ከዚያ በትንሽ ድምፅ፣ «በሞቴ፣ እንዳትነሣ» አለችው። አልተነሣም። እኛም በአስፋልቱ አልዞርንም።