ለተረሱት ስም ጠሪ፦ የፕሮፌሰር ስቴርጊዮስ ቫምቫኪዲስ የሕይወት ታሪክ

ፕሮፌሰር ስቴርጊዮስ ቫምቫኪዲስ ከአባታቸው ከአቶ ላዛሮስ ቫምቫኪዲስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፓርቴና እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 1946 በካቫላ ከተማ ተወለዱ። ከእርሳቸው በፊት የተወለዱት ሁለት ልጆች በሕፃንነታቸው ስላረፉ ወላጆቻቸው እንደ ወጉ «ይኼኛው እንኳ ጸንቶ ይቅርልን» ብለው የመጽናት ትርጉም ያለውን ስቴርጊዮስ የሚል ስም አወጡላቸው።

አባታቸው በትምባሆ መጋዘን ቅጠል ይለዩ ነበር። እናታቸው በየዓመቱ በሙታን ቅዳሜ የስንዴ ንፍሮ ቀቅለው፣ የሞቱባቸውን ሰዎች ስም በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ለቄሱ ይሰጡ ነበር። የንፍሮውን ሳህን ተሸክመው የሚከተሉት ትንሹ ስቴርጊዮስ ነበሩ። ወይዘሮ ፓርቴና ስሙ ያልተጠራለት ሙት ደጅ ላይ ቆሞ ይቀራል ብለው ያምኑ ስለ ነበር የሁለቱ ሕፃናት ስም እስኪጠራ ድረስ ትንፋሻቸውን ይዘው ይቆሙ ነበር። ልጃቸው ይህን አልረሱም።

በ1964 ተሰሎንቄ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የግሪክ ሥነ ጽሑፍ ማጥናት ጀመሩ። ስመ ጥሩዎቹን ጥንታውያን ትተው ብዙ ሰው የማያውቀውን የመካከለኛውን ዘመን ግጥም በመረጡ ጊዜ አባታቸው፣ «ከሞቱ ስንት መቶ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ደመወዝ ይከፍሉሃል እንዴ፣ ልጄ?» አሏቸው። ከዚያ በኋላ ለጎረቤቱ ሁሉ «የእኔ ልጅ እኮ ለሙታን ነው ተቀጥሮ የሚሠራው» እያሉ ይስቁ ነበር። በምረቃው ቀን ግን አዳራሹ ሳይከፈት ደጁ ላይ ቆመው የተገኙት አባታቸው ነበሩ።

በ1972 የፊዚክስ መምህርት ከሆነችው ከፖሊክሴኒ ማቭሪዱ ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። የጫጉላ ጊዜያቸውን ያሳለፉት ሙሽራው ሊያነቡት የጓጉለት የእጅ ጽሑፍ በነበረበት በአንድ የደሴት ገዳም ነው። ጽሑፉ ከባሕር ያልተመለሰ ባሏን የምትጠብቅ የመርከበኛ ሚስት የምታንጎራጉረው ረጅም ግጥም ሲሆን ሌላ ቅጂ የለውም። ወደ መጻሕፍት ቤቱ ሴት ስለማይገባ ባለቤታቸው ከቅጥሩ ውጭ በለስ ሥር ተቀምጣ ትጠብቃቸው ነበር። ሲወጡም ግጥሙን ከብዙ መቶ ዓመት በፊት በእጁ ስለ ገለበጠው መነኩሴ ትጠይቃቸዋለች።

«ዛሬስ ሰውዬህ ምን አለ?»

«ጣቴ በብርድ ደነዘዘ፣ ቀለሙም ውኃ ነው እያለ በኅዳጉ ላይ ያማርራል።»

«ለሚስቱ አይነግራትም?»

«መነኩሴ ነው እኮ፤ ሚስት ከየት ያመጣል?»

«ለዚህ ነዋ ለወረቀት የሚያማርረው!»

ሥራው ከባድ የሆነባቸው በመጨረሻው ገጽ ላይ ነው። መነኩሴው እንደ ዘመኑ ልማድ፣ «ያነበብህ ሆይ፣ በብዙ ድካም ለጻፍሁት ለእኔ ለኃጢአተኛው ጸልይልኝ፤ ስሜም» ይልና ከዚያ ወዲያ ውኃ አጥቦት ገጹ ባዶ ነው። ፕሮፌሰር ስቴርጊዮስ ግጥሙን በ1991 አሳትመው ምስጋናና ማዕረግ አገኙበት። እርሳቸው ግን ሥራው እንዳላለቀ ይቆጥሩት ነበር። ሰውየው ጸልዩልኝ ብሎ ለምኗል፤ ስሙ ግን ጠፍቷል። ምናልባት ስሙን የጻፈበት፣ የእጁን ጽሑፍ የሚመስል ሌላ መጽሐፍ ፍለጋ ከገዳም ገዳም ሲዞሩ ኖረዋል።

በቤታቸው ሰውየው እንደ ቤተሰብ ይቆጠር ነበር። ልጃቸው ኤቫንቲያ በሕፃንነቷ፣ «አባዬ፣ ሰውዬህ ዘንድሮ ለፋሲካ ይመጣል?» ብላ ጠይቃቸው ታውቃለች።

በዩኒቨርሲቲው ከመምህርነት እስከ ሙሉ ፕሮፌሰርነት ደርሰው እስከ 2013 አገልግለዋል። ተማሪዎቻቸው ማንኛውንም የእጅ ጽሑፍ ሲጀምሩ መጀመሪያ የመጨረሻውን ገጽ፣ የገልባጩን ልመና፣ እንዲያነቡ ያዟቸው ነበር። በሙታን ቅዳሜም ከወላጆቻቸው ስም በታች ያነበቧቸውን ገልባጮች ሁሉ ጽፈው ለደብሩ ቄስ ለአባ ሶቲሪስ ይሰጡ ነበር።

አንድ ዓመት አባ ሶቲሪስ፣ «ፕሮፌሰር፣ የእርስዎ ሙታን ብቻቸውን አንድ መንደር ይሞላሉ! ሕዝቡ ጉልበቱ ከዳው እኮ» አሏቸው።

«ጸልዩልን ያሉት ያነበባቸውን ነው፣ አባቴ። ከእኔ በቀር ማን አነበባቸው?»

«እሺ፤ ያንን ስሙ የጠፋውን ግን 'ስሙን እግዚአብሔር ያውቀዋል' ብለን እንለፈው።»

«እግዚአብሔርማ ያውቀዋል» አሉ ፕሮፌሰሩ፤ «የማላውቀው እኔ ነኝ።»

ከ2017 ጀምሮ የዓይናቸው ብርሃን እየደከመ ሄደ። ያን ጊዜ ባለቤታቸው የዚያን ዘመን አጻጻፍ ከእርሳቸው ተምራ የእጅ ጽሑፎቹን ከፎቶግራፍ ታነብላቸው ጀመር። ስትሳሳት እንደ ተማሪዎቻቸው ይቆጧት ነበር፤ ስታስተካክል ግን እጇን ይስሙ ነበር። ዓይን በማያየው ብርሃን የተነሣ ፎቶግራፍ የታጠበ ቀለምን እንደሚያወጣ የነገረቻቸውም እርሷ ነች። ገዳሙ የመጨረሻው ገጽ እንዲህ እንዲነሣ ከብዙ ልመና በኋላ ፈቀደ።

በየካቲት ወር 2024 በድንገት ደም በአንጎላቸው ፈስሶ ሆስፒታል ገቡ። ፎቶግራፉ የደረሰው እርሳቸው በዚያ ሳሉ ነው። ባለቤታቸው በአልጋቸው አጠገብ ከፍታ አየችው። ፊደሎቹ ፈዘዝ ብለው፣ ግን አንድም ሳይጎድል ይታዩ ነበር። መነኩሴው ሜትሮፋኒስ ይባላል።

ሐኪሙ ሕመምተኛው እንደማይሰሙ አስቀድሞ ተናግሯል። ባለቤታቸው ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብላ፣ «ስቴርጊዮስ፣ ሰውዬህ ሜትሮፋኒስ ነው» አለች። ደግማ ነገረቻቸው። እንደ ሌላው ጊዜ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አነበበችላቸው፤ እንዲያርሟትም ጠበቀች። አላረሟትም።

ፕሮፌሰር ስቴርጊዮስ የካቲት 27 ቀን ጎሕ ሲቀድ በተወለዱ በሰባ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን ፖሊክሴኒን፣ ልጃቸውን ኤቫንቲያንና የልጅ ልጃቸውን ላዛሮስን ትተው ሄደዋል።

ዛሬ ለአባ ሶቲሪስ የተሰጠው ወረቀት ሁለት ስም ብቻ ይዟል። ሜትሮፋኒስ ቀድሟል፤ ብዙ ጠብቋልና። ከእርሱ ቀጥሎ ስቴርጊዮስ ተጽፏል። ጸንተው እንዲቀሩ ስም ያወጡላቸው እናታቸው ከነሕፃናቱ ወጥተው ይቀበሏቸው፤ ጌታም ደጁን ይክፈትላቸው።

ያነበባችሁ፣ ሲነበብም የሰማችሁ ሆይ፣ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ስማቸውን አንድ ጊዜ ጥሩላቸው።