ሁለቴ ካልነገሩት የማይሰማው ጠባቂ

ለክቡር የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ አምራች ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎና የቢሮዎ ሙቀት እንዳይጓደልብዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚተኙበትን የሆስፒታላችንን የማሞቂያ ሣጥን ፕሮግራም የምጽፍ ባለሙያ ነኝ፤ የታናሽ እህቴ ልጅም ከእነዚሁ ሣጥኖች በአንዱ ተኝታለች።

ለአንባቢ ግልጽ እንዲሆን፣ ሣጥኑን በሚያዘው ሰሌዳዎ ላይ ጠባቂ ሰዓት የሚባል ክፍል አለ። ፕሮግራሙ በየጊዜው ደህና መሆኑን ይነግረዋል፤ ካልነገረው ጠባቂው ማሽኑ ፈዝዞ ቀርቷል ብሎ አጥፍቶ ያስነሳዋል። ሐሳቡ መልካም ነው። ስለ አፈጻጸሙ ግን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ. ጠባቂዎ አንዳንዴ ሲነገረው ስለማይሰማ፣ በደህና የሚሠራውን ማሽን ያጠፋዋል፤ ማሽኑ እስኪነሳም ሣጥኑ ይቀዘቅዛል። ጅብ ከሄደ የሚጮኸውን ውሻ ብቻ ለምናውቅ ሰዎች፣ ጅብ ሳይመጣ የቤቱን ልጅ የሚነክስ ስላሳዩን እናመሰግናለን።

፪ኛ. አቤት ብንልዎ፣ ጥፋቱ የፕሮግራሙ እንደሆነና ካስቸገረን ጠባቂውን ማጥፋት እንደምንችል መከሩን። ያን ጊዜ ማሽኑ የእውነት ቢፈዝ ማሞቂያው እንደበራ ቀርቶ ሕፃን ሊቃጠል እንደሚችል ደግሜ ብጽፍልዎም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ጠባቂው አለመስማትን ከማን እንደተማረ የገባኝ ያኔ ነው።

፫ኛ. ጆሯቸው ለከበደ አያት እንደሚደረገው፣ አሁን በፕሮግራሙ «ደህና ነኝ» የሚለውን መልእክት እልክና ጥቂት ታግሼ እደግመዋለሁ፤ መስማቱንም፣ መልእክት ሲደርሰው ወደ ዜሮ የሚመለሰውን የጠባቂውን ቆጣሪ አንብቤ አረጋግጣለሁ። ቀድሞ ቀዝቅዞ እንደሆነ ለማወቅ የሕፃናቱን እግር እየዳሰሰች ስትሯሯጥ የምትውለው የክፍሉ ነርስ፣ ወንበር ምን እንደሚመስል አሁን እንዳስታወሰች ነግራኛለች። ሣጥኖቻችን መቀዝቀዝ አቁመዋል።

እርስዎ ግን አቤቱታው ጸጥ ማለቱን ሰሌዳው እንከን እንደሌለበት ማስረጃ አድርገው መግለጫ አወጡ፤ ይህ መላ የሌለባቸውን ሰሌዳዎችም ለሌሎች ሆስፒታሎች ሣጥኖች መላክዎን ቀጠሉ። ክቡርነትዎ፣ እዚህ ላይ ቀልዱ አልቆብኛል፤ ተናድጃለሁ። የእህቴ ልጅ ሳይበርዳት የምታድረው አጎቷ ፕሮግራም ጸሐፊ ስለሆነ ነው። የሌላው ሕፃን አጎት ሹፌር ወይም ልብስ ሰፊ ሊሆን ይችላል። መላውን ያለክፍያ ልኬልዎታለሁ፤ ለእርስዎ የቀረልዎ ሥራ ጥፋቱን አምኖ ለየሆስፒታሉ መንገር ብቻ ነው።

ከወንበርዎ ከፍታ የተነሳ ድምፄ ባይደርስዎም ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ያልቀጠሩኝ ጠጋኝዎ

ማስታወሻ፦ ሴት ልጅዎ ነፍሰ ጡር መሆኗን ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ቀኗን ጠብቃ በሰላም ትገላገል። ምናልባት ሕፃኑ ቢቸኩል ግን፣ የልጅ ልጅዎን እኔ ከጠገንኩት ሣጥን ወይስ እርስዎ እንከን የለበትም ብለው ከፈረሙበት ያስተኙታል? መልሱን ለእኔ አይጻፉልኝ፤ ለልጅዎ ይንገሯት።