ገመድ ስለማያልፍበት የውሃ ቧንቧ

ይድረስ ለተከበሩ የጉምሩክ ዕቃ ምደባ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎና ማኅተምዎ ሳይጓደሉ እንዲቆዩ ምኞቴ ነው። እኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። አዋላጅ የሆነችው ታላቅ እህቴ ለከፈተችው ማዋለጃ ቤት፣ የመብራት ገመድ የሚያልፍባቸው ሁለት መቶ የብረት ቧንቧዎች ከባሕር ማዶ አስመጥቼ ነበር። የመብራት መሥሪያ ቤቱ ገመዱ በብረት ቧንቧ ካልገባ ቆጣሪ አላስገባም ብሏልና ያለ እነርሱ አንድ አምፖል አይበራም። ቧንቧዎቹ ሁለት ባሕርና አንድ ውቅያኖስ በአርባ ቀን አቋርጠው ሲያበቁ መጋዘንዎ ውስጥ ሰባተኛ ወራቸውን ይዘዋል። በእህቴ ሙያ ሰባት ወር ብዙ ነው፤ በሰባት ወሩ የሚወለድም አለ።

ጊዜዎን ላለመሻማት ምስጋናዬን በቁጥር አስቀምጫለሁ።

፩ኛ. ባለሙያዎ በአንዱ ቧንቧ ጫፍ ውሃ አፍስሰው በሌላው ጫፍ ሲወጣ በማየታቸው «የውሃ ቧንቧ ነው» ብለው ስለፈረሙ። በዚህ ምርመራ የእኔም ቀዳዳ ጫማ የውሃ ቧንቧ ነው፤ ቅልጥፍናቸውን ግን አለማድነቅ ንፉግነት ይሆንብኛል።

፪ኛ. የውሃ ቧንቧ ከሆነ ዘንድ ለመጠጥ ውሃ ተስማሚ መሆኑን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ከፋብሪካው እንዳመጣ ስለታዘዝኩ። ፋብሪካው ለሠላሳ አገር ሲሸጥ እንዲህ ተጠይቆ ስለማያውቅ መልሱ ሦስት ሳምንት ፈጀበት። በመጨረሻ «እባክዎን አይጠጡበት» ሲል ጻፈልኝ። የሽያጭ ሠራተኛዋ ደግሞ በግሏ ቤተሰቤ ደህና መሆኑን ጠየቀችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ወዳጆች ሆነናል።

፫ኛ. ይህንኑ መልስ ይዤ ስቀርብ ቧንቧዎቹ «ከደረጃ በታች የሆነ የውሃ ቧንቧ» ተብለው ወደመጡበት እንዲመለሱ ስለተወሰነ። ከድጡ ወደ ማጡ ሲባል እሰማ ነበር እንጂ በማኅተም ተረጋግጦ ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነው።

፬ኛ. አቤት ልል በመጣሁ ጊዜ የቡድን መሪዎ ክፍል መጋረጃ ከቧንቧዎቼ በአንዱ ላይ ተሰቅሎ ስላገኘሁት። ቧንቧው ሥራ ማግኘቱ አስደስቶኛል። ለቀሩት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ያህል መስኮት መኖሩን ግን እጠራጠራለሁ።

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን ያልኩት ለጨዋታ ያህል ነው። እህቴ ግን የእጅ ባትሪ በጥርሷ ነክሳ ቁስል ትሰፋለች። ምጥ ማመልከቻ አይቀበልም፤ ነገ ተመለስ ቢሉትም አይሰማም። አንዲት እናት በጨለማ እጇ ላይ እንዳትቀርባት ስትፈራ ፊቷን አይቻለሁ፤ እኔም እፈራለሁ፤ ተናድጃለሁም። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንድ ቀን መጋዘኑ ድረስ ይምጡና እኔ በአንዱ ጫፍ ገመድ ልስደድ፣ እርስዎ በሌላው ጫፍ ይቀበሉኝ። ከዚያ በኋላ የወደዱትን ስም ያውጡለት።

ከመምሪያዎ ያለ ቀረጥ ያገኘሁት ትዕግሥት ብቻ ነውና ስለ እርሱ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

በወረፋ ባበጠ እግር፣ በጨለማ በደከመ ዓይንና ከወገብ በላይ በማይቀና አክብሮት፣
የአዋላጇ ታናሽ ወንድም

ማስታወሻ፦ መንገድ ላይ ምጥ የጠናባት ልጅዎ ሐሙስ ዕለት እኛ ዘንድ በሰላም በመገላገሏ እንኳን ደስ ያለዎ፤ እንኳን አያት ለመሆን አበቃዎ። ዝናቡ ከሰዓቱን አጨልሞት ሳለ መኪናዎን ከመስኮቱ ትይዩ አቁመው የፊት መብራቱን እስከ መጨረሻው ስላበሩልን እህቴ ከልብ ታመሰግናለች። ማንነቴን ሳያውቁ «መብራት የሌለው ምን ዓይነት ማዋለጃ ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ ባትሪው የሞተ መኪናዎን እየገፋሁ ነበርና ትንፋሽ አጥሮኝ ሳልመልስልዎ ቀረሁ። መልሱ ከዚህ በላይ ያነበቡት ነው።