የእማማ ማ ጆምሱን ፈገግታ የት እንደገባ ለወረዳችን ኃላፊ የቀረበ ማብራሪያ

ለክቡር የቾንሶል ወረዳ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም በመልካም ጤንነት ላይ እንድትሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በበኩሌ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ከመደንገጡ፣ ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥም እያንዳንዱን ፊደል ሁለቴ ከማንበቤ በቀር፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ።

ታክ ኢንሶ እባላለሁ። ከዓሣ ገበያው ጀርባ ፎቶ ቤት ከፍቼ ሠላሳ አራት ዓመት የሠራሁ፣ ስድሳ ሦስት ዓመት የሞላኝ ሰው ነኝ። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ሰባ አምስት ዓመት ያለፋቸው አረጋውያን ሁሉ የዕድሜ ፎቷቸውን፣ ማለትም በቀብራቸው ዕለት የሚቆመውን ፎቶ፣ በነጻ ይነሡ ብለው ሲወስኑ ሥራውን ለእኔ ስለሰጡኝ ዛሬም አመሰግንዎታለሁ። አረጋውያኑ ተቀጣጥረው፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ እርስ በርስ እየተቀላለዱ መጥተው ይነሣሉ፤ እኔም ቀናቸው ደርሶ በሐዘን አዳራሹ አበባ መሀል እስኪቆምላቸው ድረስ ፎቶውን በአደራ አስቀምጣለሁ። የአራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው አደራ ነበረብኝ። አሁን የደረሰውን በቅደም ተከተል እንዳስረዳዎ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ቀይዋ ቀስት ላመስግንዎ እወዳለሁ። እንደሚያውቁት ፎቶ የሚነሡት ሰዎች ስም ዝርዝር በየወሩ በወረዳው ድረ ገጽ ላይ ይወጣል፤ እኔም አውርጄ እከፍተዋለሁ። ገና ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ግን ፋይሉን ልከፍት ስል ኮምፒውተሬ ቢጫ ሰሌዳ እያወጣ፣ ይህ ፋይል ከኢንተርኔት የመጣ ነው፣ ማን እንደሠራው አይታወቅም፣ ሊጎዳዎ ይችላል ይለኝ ነበር። ተጠንቀቅ ሲሉኝ የምጠነቀቅ ሰው ነኝና ወዲያው ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ደወልሁ። ስልኩን ያነሣውን ሠራተኛዎን ስም አልጠራም፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግርዎታለሁ።

“ጋሼ፣ እሱን አይስሙት” አለኝ። “ከታች ‘ቢሆንም ክፈት’ የሚል አለ አይደል? እሱን ይጫኑት።”

“ሊጎዳህ ይችላል ይላል እኮ።”

“ለሁሉም ሰው ነው እንደዚያ የሚለው። የኛን ፋይል ስለማያውቀው ነው።”

“ታዲያ ለምን አታስተዋውቁትም?”

“ጋሼ፣ እርስዎ ብቻ ነዎት የሚጠይቁት። ሰልፍ ቆሞብኛል።”

ተጫንሁት፤ ምንም አልሆንሁም። በሦስተኛው ወር ደግሞ የቫይረስ መከላከያዬ ፋይሉን ገና ሲወርድ ይዞ ሰረዘው። ደግሜ ብደውል፣ መከላከያውን ለአምስት ደቂቃ አጥፍቼ ፋይሉን እንድከፍትና ስጨርስ እንዳበራው ተነገረኝ። ጥያቄዬ ሳይበዛባችሁ አልቀረም፤ በዓመቱ ላሚኔት የተደረገ፣ ከላይ የወረዳው አርማ ያለበት መመሪያ በፖስታ ደረሰኝ። ቢጫው ሰሌዳ ተስሎበታል፤ አንዲት ቀይ ቀስት ደግሞ ‘ተወው’ የሚለውን አልፋ ‘ቢሆንም ክፈት’ የሚለው ላይ ታርፋለች። መመሪያውን ከኮምፒውተሬ በላይ ሰቀልሁት። በስድስት ዓመት ውስጥ ጣቴ ከዓይኔ ቀድሞ መሄድ ተማረ። አንድን ፈሪ ሰው እንዲህ ደፋር ማድረግ ቀላል ትምህርት አይደለምና ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ሚያዝያው ማክሰኞ።

ጠዋት ሱቄን እንደከፈትሁ ከወረዳው የተላከ የሚመስል ኢሜይል አገኘሁ። ርዕሱ ‘የተስተካከለ የአረጋውያን ዝርዝር’ ይላል፤ አርማው አለ፣ የተለመደው ሰላምታ አለ፣ የመምሪያው ስም አለ። ፋይሉን አወረድሁት። ቢጫው ሰሌዳ መጣ። ምን እንዳለ ልነግርዎ አልችልም፤ አላነበብሁትማ። ተጫንሁት።

ምንም አልተከፈተም። ደግሜ ተጫንሁት። ከዚያ የኮምፒውተሩ ማቀዝቀዣ ድምፅ እየጨመረ መጣ፤ ፎቶዎቹ የተደረደሩበትን ማኅደር ስከፍትም ትንንሾቹ ፊቶች ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ ነጭ ወረቀት ሲሆኑ አየሁ። ሰው በቤቱ ውስጥ ከክፍል ወደ ክፍል እየዞረ መብራት እንደሚያጠፋ ነበር። አንዱ ይጠፋል፤ ቀጥሎ ያለው ይጠፋል። የማውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ በስም እየጠራኋቸው ነበር መሰለኝ። ተንበርክኬ ከጠረጴዛው ሥር ገባሁና ገመዱን ከግድግዳው ነቀልሁት። ጸጥ አለ። እዚያው መሬት ላይ እንደተቀመጥሁ ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም፤ መነሣት ፈርቼ ነበር።

ኮምፒውተር የምትጠግነው ወይዘሮ ፒዮ ኡንሂ ከመንገዱ ማዶ ናት፤ ጠራኋትና መጣች።

“ገመዱን ማን ነቀለው?”

“እኔ።”

“ጥሩ አድርገዋል። ትንሽ ዘገዩ እንጂ።”

ኢሜይሉን ይዛው በመጣችው የራሷ ኮምፒውተር ላይ፣ ምንም ሳትከፍት አየችው። የፋይሉን ስም ወደ ቀኝ ሳበችና ጫፉን አሳየችኝ፤ ስሙ እንደ ሰነድ ጀምሮ መጨረሻው ላይ ፕሮግራም ነው። “ይቺን ጫፍ ይዩ፤ ሰነድ አይደለም” አለችኝ። “የላኪውም አድራሻ አንድ ፊደል ተቀይሮበታል። ጋሼ፣ ሰሌዳው እኮ ነግሮዎታል።”

“በየወሩ ነው የሚነግረኝ።”

ቀና ብላ ቀይዋን ቀስት አየቻት። መጠባበቂያ ብዬ የያዝሁት ሁለተኛው ቅጂ የት እንዳለ ስትጠይቀኝ፣ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ የነበረውን ዲስክ አሳየኋት። እሱም አብሮ ሄዶ ነበር። ፎቶዎቹን የቆለፉት ሰዎች መክፈቻውን ለመስጠት ገንዘብ ይከፈለን የሚል ማስታወሻ ትተዋል፤ ፒዮ ግን ከፍለውም ባዶ እጃቸውን የቀሩ ደንበኞች አሏትና እንዳልሞክረው መከረችኝ።

እሷ እዚያው እያለች፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የእማማ ማ ጆምሱን ልጅ፣ ኮ ሚራን ናት።

“ጋሼ ታክ፣ እማዬ ዛሬ ጠዋት አረፈች” አለችኝ። “እንግዶች ከሰዓት በኋላ መምጣት ይጀምራሉ። ፎቶዋን ያመጡልናል?”

ክቡር ሆይ፣ “አመጣለሁ” አልኋት።

ለምን እንዲህ እንዳልሁ እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ። እናቷን ካጣች ሦስት ሰዓት ላልሞላት ሴት ሌላ ምን ልበል? ፈርቼ ዋሸሁ። እማማ ጆምሱን ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነበር፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚህ የባሕር ዳር የባሕር አረም ሲያደርቁ የኖሩ ናቸው። ፎቶ ሊነሡ የመጡ ዕለት ከጎረቤት የተዋሱትን አረንጓዴ ጃኬት ለብሰው፣ አዲስ ያስተከሉትን ጥርስ በመስታወት ደጋግመው እያዩ፣ “ሰዎቹ ፎቶዬ ፊት ሲሰግዱልኝ እየሳቅሁ ልያቸው፤ አልቅሰው እንዳይሄዱ” ብለውኝ ነበር። አሥራ ሰባት ጊዜ አነሣኋቸው። አሥራ ሰባተኛው ላይ ፈገግታቸው ትክክል መጣ።

ፒዮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሞከረች። ካሜራው ውስጥ ያለውን ካርድ ፈተሸች፤ በላዩ ላይ ብዙ ጊዜ ስላነሣሁበት የእማማ ጆምሱን ፎቶ አልነበረም። አሮጌ ኢሜይሎቼንም ፈተሸች። በመጨረሻ እጇን በጨርቅ ጠረገችና “ጋሼ፣ ሂደው ይንገሯት። ቢቆዩ ይብስብዎታል” አለችኝ።

ጥቁር ጥብጣብ የታሰረበትን ባዶ ፍሬም ይዤ ሄድሁ። ባዶ እጄን መግባት ስላቃተኝ ነው የያዝሁት። የሐዘን አዳራሹ በር ላይ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ሚራን ፍሬሙን ከእጄ ተቀብላ ገለበጠችው፤ መልሳም ገለበጠችው።

“የታለ?”

ነገርኋት። ሁሉንም፣ ኢሜይሉንም፣ አመጣለሁ ብዬ መዋሸቴንም ነገርኋት። ትጮኽብኛለች ብዬ ስጠብቅ አልጮኸችም፤ የባሰ የፈራሁት ያኔ ነው። ከቦርሳዋ የእናቷን የመታወቂያ ካርድ አውጥታ ሰጠችኝ። ካርዱ ላይ ያለውን የጥፍር የምታህል ፎቶ ሮጬ ሄጄ፣ በፒዮ ኮምፒውተር አሳድጌ አተምሁት። ፊቱ ደብዝዟል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ያለፈው ነው፤ ከንፈራቸው ግጥም ብሎ ተዘግቷል፤ ግንባራቸው ተቋጥሯል።

አበባው መሀል ስናቆመው ሚራን ለረጅም ጊዜ አየችው።

“እማዬ እዚህ ላይ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሰልፍ ጠብቃ የተቆጣች ትመስላለች” አለች።

እውነትም ፎቶው የተነሣው እዚያው፣ በእርስዎ ጽሕፈት ቤት ነው። ለሦስት ቀን የመጣው እንግዳ ሁሉ፣ ከሩቅ ከተማ የመጡት የልጅ ልጆች ጭምር፣ ተንበርክከው የሰገዱት በጽሕፈት ቤትዎ ወረፋ ለተማረሩት እማማ ጆምሱን ነው። በዚህም ወረዳው በቀብሩ ላይ በሚገባ ተወክሏል ማለት ይቻላል፤ የሐዘን አበባ መላክ ባያስፈልግዎም ስለላኩ እናመሰግናለን።

ሦስተኛ ብዬ ቁጥር ልሰጠው የነበረው ነገር የቀሩትን ሰዎች ይመለከታል፤ ግን ልቆጥረው ስነሣ ቁጥሩ በየሳምንቱ ይቀንስብኛል። ካሜራዬን በብስክሌት ጭኜ መንደር ለመንደር እየዞርሁ፣ በሕይወት ያሉትን እንደገና አነሣለሁ። እስከ ትናንት አንድ መቶ ስድሳ ሦስት አድርሻለሁ። አንዳንዶቹ አያውቁኝም። ባለፈው በሽተኛ ማቆያ ውስጥ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት “ይሄ ሰውዬ ለምን ሁለቴ ያነሣኛል? ቸኮልክ እንዴ?” ብለው ነርሷን አሳቋት። እኔ አልሳቅሁም፤ ቸኩዬ ነበርና። ሚስታቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ስትስቅ የተነሡት ፎቶ ነበራቸው፤ እሷ ዘንድሮ የለችም። እንደገና ላነሣው የማልችለው እንዲህ ያለው ብዙ ነው። ጠዋት ስልክ ሲጮኽ፣ ገና ያልደረስሁበት ሰው እንዳይሆን እያልሁ ነው የማነሣው። እስካሁን አምስት ጊዜ እንደፈራሁት ሆኗል።

ስለ ጉዳዩ ለጽሕፈት ቤትዎ ባመለከትሁ በአሥራ ሁለተኛው ቀን መልስ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ማስጠንቀቂያን በጥንቃቄ ማንበብ የተጠቃሚው ኃላፊነት መሆኑን የሚገልጽ ሁለት መስመር ነው። ከእርስዎ ጋር ፍጹም እስማማለሁ። በስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ምክር ከወረዳው ሲደርሰኝ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ቀይዋን ቀስት አውርጄ በቦታዋ ሰቅዬዋለሁ።

ስሙን ያልጠራሁት ሠራተኛዎም ባለፈው ቅዳሜ ሱቄ መጣ። እናቱን ይዞ ነው የመጣው፤ የእሳቸውም ፎቶ ከጠፉት መሀል ነበር። እናቱ ፀጉራቸውን ሲያስተካክሉ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ተጠጋ።

“ጋሼ፣ እኔም እኮ ሳላነብ ነው የምጫነው። እዚያ ያለን ሁላችንም።”

“ለምን አልነገርከኝም?”

“ፋይሎቻችን ላይ ኮምፒውተር የሚያውቀው ፊርማ ይግባ፣ ማስጠንቀቂያው እንዲቀር ብዬ ለአለቆቼ ሁለቴ ጽፌያለሁ። ሰው እየከፈተው አይደል ወይ፣ ምን ቸገረ አሉኝ። እባክዎ ስሜን አይጻፉት።”

ፊቱ የአመድ መልክ ነበረው። ያን ዕለት በወረዳው ውስጥ እንደ እኔ የሚፈራ አንድ ሰው መኖሩን አወቅሁ። እናቱን ሃያ አንድ ጊዜ አነሣኋቸው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ አጭር ነው። ፋይልዎን በፊርማዎ ያስተዋውቁት፤ ያኔ ቢጫው ሰሌዳ የሚመጣው በእውነት አደጋ ሲኖር ብቻ ይሆናል፤ እኛም እናምነዋለን። ቀስቷን ከየሱቁና ከየአረጋውያን ማኅበሩ ያስወርዱልን። የሚያሰጋ ነገር አይቶ የሚደውል ሰው ሲኖርም “እርስዎ ብቻ ነዎት የሚጠይቁት” አይባል፤ ያ ብቸኛ ሰው ትክክል ሊሆን ይችላል። እስከዚያው ድረስ ወይዘሮ ፒዮ ያስተማረችኝን አደርጋለሁ፦ የፋይሉን ስም እስከ ጫፉ አነባለሁ፣ የላኪውን አድራሻ ፊደል በፊደል አያለሁ፣ በኢሜይሉ ላይ ባለው ሳይሆን ራሴ በማውቀው ቁጥር ደውዬ እናንተ መላካችሁን እጠይቃለሁ፤ ቅጂዬንም ከኮምፒውተሩ ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ እቆልፋለሁ። በዚህም ምክንያት በወር አራትና አምስት ጊዜ ስለምደውል፣ ለሚደርስባችሁ መጉላላት ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ለጤናዎ፣ ለሥልጣን ዘመንዎና ለትዕግሥትዎ መርዘም እየተመኘሁ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ የታዘዘውን ሁሉ ሳያነብ በመጫን ለወረዳው ያለውን ታማኝነት ያስመሰከረው፣ አሁን ግን ከዚህ ታማኝነት በፈቃዱ የለቀቀው ትሑት አገልጋይዎ፣

ታክ ኢንሶ
ፎቶ አንሺ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፍ ፍላጎቴ አልነበረም። በወረዳው ድረ ገጽ የቅሬታ ክፍል በኩል ላስገባው ሞክሬ ነበር፤ ቅሬታ ለማቅረብ በቅድሚያ አንድ ፕሮግራም አውርጄ እንድከፍት ተጠየቅሁ፤ ልከፍተው ስል ኮምፒውተሬ ማን እንደሠራው አይታወቅም አለኝ። ስለዚህ በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ በሙጫ ለጥፌዋለሁ። ጥግ ጥጉ ከነፋሱ የተነሣ ከለቀቀ በጣትዎ ጫን ያድርጉልኝ፤ ከመጫንዎ በፊት ግን ያንብቡት።