አሳዳጊ የላትም ለሚለው መስመር

ፈንቴ፣

ዳባት ገበያ ላይ የልጅ ልጇን የትምህርት ዕድል ገፍታ መለሰች ብለው ያሙኛል። ሐሰት ነው። የመለስኩት በእኔ ስም የተጻፈውን የምስጋና ደብዳቤ ነው። ወሬው ቀድሞኝ አንተ ዘንድ እንዳይደርስ ብዬ ጻፍኩልህ።

ከተለየኸኝ ሰባት ወር ሆነ። በቅሎህን የወንድምህ ልጅ ወስዷት ሳንቃ በር ድረስ ጭነት ትመላለሳለች። ኮርቻዋን ግን አልሰጠሁትም። የልጅ ልጃችን ሰብለ ጎንደር ገብታ ነርስነት ትማራለች፤ በእርዳታ ድርጅት ቢሮ በኩል ክፍያዋን የሚችል የውጭ አገር ሰው ተገኝቷል።

ስሙን ብጠይቅ የቢሮው ጸሐፊ እንዲታወቅ አይፈልጉም አለኝ። ስሙን ደብቆ የሚሰጥ ሰው ምን ፈልጎ ነው? ቄሱን ለማን ብዬ ላስጸልይለት? ጸሐፊው ሳቀ፤ ሳቁን አልወደድኩለትም። ከዚያ ደብዳቤውን አቀረበና ጣቴን ቀለም ሊያስነክረኝ ተነሣ። መነጽሬን አውጥቼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት።

ልጅቷ አሳዳጊ የላትም፣ ከእርስዎ በፊት ያሰባት ሰው አልነበረም ይላል። ፈንቴ፣ ጊች ድረስ ጭነት አድርሰህ በመጣህ ማግስት፣ በክረምት ጭቃ፣ በበቅሎ አስቀምጠህ ደባርቅ ትምህርት ቤት በር ላይ የምታወርዳት ማን ነበር? ለማመስገን አንተን መካድ ነበረብኝ። ጸሐፊው ሁሉም እንዲህ ብለው ነው የሚፈርሙት አለኝ። እንግዲያ ሁላችንም አሳዳጊ የለንም ስንል የሚጠቀመው ማን ነው?

ሰብለ በስልክ አለቀሰች። ደብዳቤው እስከ ዓርብ ካልገባ ክፍያው ይቆማል ብለዋታል። እማዬ፣ ወረቀት እኮ ነው፣ አባባ አይከፋውም አለችኝ። እኔ ይከፋሃል ብዬ አሰብኩ።

ዛሬ በራሴ እጅ ጻፍኩ። አመሰገንኩት፤ ምስጋናዬም እውነት ነው። አያቷ በቅሎ ነጂ ነበር፣ እያሳደጋት ሞተ፣ እርስዎ ከእሱ እጅ ተቀበሉ አልኩት። ከግርጌው የክርስትና ስሙን ጠየቅሁት። ጸሐፊው እንዳይለውጥብኝ ሁለተኛ ቅጂ አስቀርቻለሁ፤ ያለው ኮርቻህ ሥር ነው። እኔ በሕይወት ሳለሁ ስምህን ከማንም ወረቀት ላይ አላስፍቅም።

ነገ ዓርብ ነው። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ስምህን ለቄሱ እሰጣለሁ። ቀጥሎ ቢሮው ሳይከፈት በሩ ላይ እቆማለሁ። ጸሐፊው ዓይኔ እያየ ፖስታውን እስኪያሽግ ከፊቱ አልነሣም። ለሰብለ የምደውልላት ከዚያ በኋላ ነው።